የአማቴ ማር እና የስኳር ሕመሜ

የመጀመሪያ ልጄ ሞቶ ሲወለድ አራት ኪሎ ተኩል ይመዝን ነበር። ቁጥሩን መጀመሪያ ላይ የማስቀምጠው ሆን ብዬ ነው። ያኔ ክብደቱን የሰማ ሁሉ፣ አዋላጇም ለቅሶ የመጣው ጎረቤትም፣ «ምን የመሰለ ወንድ ልጅ ነበር» እያለ አዘነልኝ እንጂ «ለምን ይህን ያህል ተለቀ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ተማሪዎቼን «ለምን በሉ» እያልኩ የምወተውት ሰው፣ ነገሩ በራሴ ሲደርስ «የእግዜር ሥራ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። እንደኔ ትልቅ ልጅ ወልዳ ያጣች እህት ካለች ዝም እንዳትል ብዬ ነው የሁለተኛውን እርግዝናዬን ነገር ከመነሻው የምተርከው።

ሁለተኛውን ሳረግዝ የምንኖረው መካኒሳ አቦ አጠገብ፣ ከባለቤቴ ከታደሰ እናት ጋር ነበር። ታደሰ ልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። እናቱን ሰፈሩ ሁሉ እማማ ጫልቱ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ነባር ገበሬ ናቸው። መሬቱ የመንግሥት ከሆነ በኋላም ከቤቱ ጀርባ አንድ መደብ ጎመን፣ አንዲት ላምና አራት የንብ ቀፎ ቀርቷቸዋል። እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ከተቆጡ ግን «መምህርት» ይሉኛል።

አምስተኛው ወር ላይ ጥማት ያዘኝ። ውኃ ጠጥቼ ኩባያውን ሳላስቀምጥ እንደገና እጠማለሁ። ከዚያ ሽንት ተከተለ። አንድ ክፍለ ጊዜ አርባ ደቂቃ ነው፤ በዚያ ውስጥ ሁለት ጊዜ እወጣለሁ። ተማሪዎቼ ከመልመዳቸው የተነሣ፣ ጠመኔውን ሳስቀምጥ በር አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ተነሥታ በሩን ትከፍትልኝ ነበር። ዓይኔም አልፎ አልፎ እየደበዘዘ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ ያቅተኝ ጀመር።

ሦስት ቦታ ታየሁ። አንዱ ጤና ጣቢያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አሰልፎ ስድስት ሰዓት ላይ አስገባኝ፤ መርማሪው ቀና ሳይል እርጉዝ ስለሆንኩ ልጁ ፊኛዬን እንደሚጫነው ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ልጅ ፊኛ ይጫናል። ፊኛው የተጫነ ሰው ግን አይጠማም። ሁለተኛው የሽንት ቧንቧ ሕመም ነው ብሎ ለዐሥር ቀን የሚዋጥ ክኒን ሰጠኝ። ሦስተኛው ደም ማነስ ነው ብሎ ሽሮፕ አዘዘልኝ። ሽሮፑ እንደ ከረሜላ የሚጣፍጥ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

እቤት ደግሞ እንክብካቤው ሌላ ነው። እርጉዝ ያማራትን ከተከለከለች በልጁ ላይ ይደርሳል ይባላል፤ የወጥ ሽታ የደረሰባት እንደሆነም ባለ ወጡ ሳያቀምስ አያድርም። ስለዚህ በአጥር በኩል የሚመጣው ሰሃን ማቆሚያ አልነበረውም። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ በላይነሽ ዳቦ በጋገሩ ቁጥር የመጀመሪያው ቁራሽ የኔ ነው። እማማ ጫልቱማ ገና ጎህ ሲቀድ አብሽ በማር በጥብጠው አልጋዬ ድረስ ያመጣሉ፤ ብርጭቆውን እስክጨርስ ከራስጌዬ አይነቃነቁም። መጸዳጃው ሩቅ ስለሆነ ሌሊት የምጠቀምበትን ፖፖም ራሳቸው ናቸው የሚደፉት። እኔ እደፋዋለሁ ብል «ሆድሽን ይዘሽ ተቀመጪ» ይሉኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ፖፖውን ይዘው ወጥተው ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። ጉንዳን ወርሮት አግኝተውታል።

«ጉንዳን ሲሳይ ካለበት አይርቅም፤ ይኼ ልጅ ባለጸጋ ነው» አሉኝ።

ሳቅሁ። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የተማርኩት ሴትዮ፣ የቆጠርኩትን ሁሉ ረስቼ ሳቅሁ።

በዚያው ሳምንት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን የምግብ ምርመራ የማስተምርበት ጊዜ ደረሰ። ሥራው ቀላል ነው። ለስኳር መፈተሻ የሚሆን አንድ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ። የሚመረመረውን ነገር ከፈሳሹ ጋር በመስታወት ቱቦ ታደርጉና ቱቦውን የፈላ ውኃ ውስጥ ታቆሙታላችሁ። ስኳር ከሌለው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ጥቂት ካለው አረንጓዴ፣ ጨመር ካለ ቢጫ፣ ብዙ ከሆነ የሸክላ መልክ ይይዛል። ተማሪዎቹ ድንችና ወተት አመጡ፤ እኔ ከእማማ ጫልቱ ማር በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ሄጄ ነበር። የማሩ ቱቦ ወዲያው ሸክላ ሆነ። እኔ ይህን ሳስረዳ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ ተሰልፎ ወደ ማሩ ጠርሙስ የሚሄደውን ጉንዳን ልታሳየኝ ነው።

ጉንዳኑን እያየሁ ቆምኩ። ፖፖው ትዝ አለኝ።

ደወሉ ሲደወል ተማሪዎቹን አስወጥቼ በሩን ዘጋሁ። የራሴን ሽንት ከሰማያዊው ፈሳሽ ጋር ቀላቅዬ አፈላሁት። ከማሩ ቱቦ አጠገብ ሳቆመው የቱ የማር፣ የቱ የኔ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

በማግስቱ ከፈቃድ ወረቀት ጋር ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ሄድኩ። የእርጉዞች አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ግድግዳ ተደግፌ ስቆም፣ አጠገቡ ካለው የስኳር ሕሙማን ወንበር ላይ ከስኳር ጋር ብዙ ዓመት የኖሩ አንዲት እናት ጠጋ ብለው አስቀመጡኝ። ምን እንዳለብኝ እንኳ ሳይጠይቁ ከመቀነታቸው የተቆላ ሽምብራ ፈትተው ዘገኑልኝ። «ደም ከሰጠሽ በኋላ ብይው። ይኼ አይጎዳሽም፤ የሚጎዳው ፍርሃት ነው» አሉኝ። ያን ዕለት ያገኘሁት የመጀመሪያው መድኃኒት እሱ ነበር።

ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የደሙን ውጤት አይታ የመጀመሪያ ልጄ ክብደቱ ስንት እንደነበር ጠየቀችኝ። ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ምክንያቱን ማንም አልነገረሽም?»

አልነገረኝም አልኳት። ያን ጊዜ አስረዳችኝ። እሷ ያለችኝን እኔ ለተማሪዎቼ በምነግርበት መንገድ ልንገራችሁ። የበላነው እንጀራ፣ ዳቦና ማር መጨረሻው ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ደማችንን የቀበሌ ሱቅ አድርጋችሁ አስቡት። ስኳሩን ለየሰውነት ክፍሉ የሚያከፋፍለው ሠራተኛ ኢንሱሊን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሴት ስታረግዝ ከእንግዴ ልጁ የሚወጣ ሆርሞን የሚባል ቅመም የዚህን ሠራተኛ እጅ ያዝ ያደርገዋል። ብዙዎቻችን ሌላ ሠራተኛ ጨምረን እንወጣዋለን፤ አንዳንዶቻችን ግን አንችልም። ያን ጊዜ ሰልፉ ይረዝማል፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ የተረፈው በሽንት ይወጣል፤ ውኃ አስከትሎ ስለሚወጣም ጥማት ይመጣል። ስኳሩ ወደ ልጁም ያልፋል። ልጁ ያለ ልኩ ይወፍራል፤ ወፍሮ ግን ጠንካራ አይደለም። ሳይታሰብ ማሕፀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

«ይኼኛውን ልናተርፈው እንችላለን» አለችኝ። «ሥራው ግን ከኔ ይልቅ ያንቺ ነው።»

ማር፣ ስኳር፣ ብርዝና ከረሜላ ቀሩ። እንጀራው በግማሽ ይሆናል፤ ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ዕንቁላሉና አይቡ ይበዛል። አንዴ ጠግቦ ከመብላት ትንሽ ትንሽ እየከፋፈሉ መብላት፣ ከምግብ በኋላም ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ። ትምህርት ቤት ውስጥ ሽንቴን መፈተሽ እንደምችል ስነግራት ደስ አላት፤ ግን አስጠነቀቀችኝ፤ የሽንት ቀለም ጥቆማ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ፍርዱ ያለው ደም ምርመራው ላይ ነው። በሁለት ሳምንት ተመለሺ፤ ካልቀነሰ አስተኝተንሽ ኢንሱሊን በመርፌ እንጀምራለን አለችኝ።

ዜናው ሰፈር ሲገባ እትዬ በላይነሽ ወገባቸውን ይዘው ነው የመጡት። «ስኳር በቀበሌ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን፣ አንቺ ከየት አምጥተሽ ነው ስኳር ያመመሽ? ምንጩን ንገሪንና እኛም እንሰለፍ» አሉ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ጠቀመኝ። እማማ ጫልቱ ግን አልሳቁም። ማር መተው እንዳለብኝ ስነግራቸው «እሺ» ብቻ አሉ፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

ሥርዓት እወዳለሁ። በደብተር ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ፤ ጠዋት ትምህርት ቤት እንደደረስኩና ቀትር ላይ እየፈተሽኩ ቀለሙን እጽፋለሁ። ዐሥር ቀን ሞላ። ቀትር ላይ ያለው አረንጓዴ፣ አንዳንዴም ሰማያዊ ሆነ። የጠዋቱ ግን ሁልጊዜ ሸክላ ነው። እንጀራ ቀነስኩ፤ ሸክላ። ዳቦ ተውኩ፤ ሸክላ። ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ ደስ በማለት ፈንታ እየከበደ ነው እያልኩ መፍራት ጀመርኩ። ሲያንቀላፋም እፈራለሁ፤ የመጀመሪያውም እንዲህ ጸጥ ብሎ ነበር የቀረው።

ሠንጠረዥ ጥቅሙ ጣቱን መቀሰሩ ነው። ከጠዋት ምርመራዬ በፊት ወደ አፌ የሚገባው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ አብሹ። ማሩ ከቀረ በኋላ አብሹ እንዴት እንዳልመረረ አንዴ ጠይቄ፣ «ውኃውን ሦስት ጊዜ እየደፋሁ አጥቤው ነው» ብለውኝ ነበር። እውነት ነው፣ አብሽ በደንብ ከታጠበ ምሬቱ ይለቀዋል። ግን እኔ ያመንኩት በዚያ ምክንያት አልነበረም። ስለጣፈጠኝ ነው።

በንዴት ታደሰ ላይ ጮኽኩበት። ከሌሊት ፈረቃ ገና እየገባ ነበር። እናትህ ልጄን ሊገድሉብኝ ነው አልኩት። እሱ በእናቱና በሚስቱ መካከል የቆመ ሰው ነው፤ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያያል። ያን ቃል እስከዛሬ ምነው ባልተናገርኩት እላለሁ፤ ምክንያቱም እማማ ጫልቱ ብርጭቆውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ሰምተውኛል።

አልተቆጡም። ዱካው ላይ ተቀመጡ። ብርጭቆው እጃቸው ላይ እንዳለ ነው የተናገሩት።

«የፊተኛውን ያረገዝሽ ጊዜ ለፋሲካ መጥተሽ ማር አማረኝ አልሽኝ። ማሩን ለሟች ባሌ ተዝካር አስቀምጬው ነበር። ነገ አልኩሽ። በነጋታው ሄድሽ። ከዚያ ልጁ ሞተ።» ብርጭቆውን አዩት። «የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። እንዴት አድርጌ ሁለተኛ ልከልክልሽ?»

ማር እንዳማረኝ እንኳ ትዝ አይለኝም ነበር። እሳቸው ሦስት ዓመት ተሸክመውታል።

በቃል ማስረዳት ከንቱ እንደሆነ ገባኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ፣ እማማ ጫልቱን የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ወሰድኳቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን በር ላይ ሊያወልቁ ሲሉ ከለከልኳቸው። አራት ቱቦ አቆምኩ፤ ንጹህ ውኃ፣ የራሳቸው ማር፣ አብሹን ከጠጣሁበት ጠዋት ያስቀረሁት የኔ ሽንት፣ አራተኛውም የሳቸው። የመጨረሻውን ለማግኘት ትንሽ ግብግብ ነበረብኝ። ውኃው ፈላ። እሳቸው አጎንብሰው አፍጥጠው ያያሉ።

የማሩ ሸክላ ሆነ፤ የኔም ሸክላ። የሳቸው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

«አሮጊቷ ሰማይ፣ ወጣቷ ሸክላ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ የኔን ቱቦ በጣታቸው አመለከቱ። «ይኼ ሁሉ ለልጁ ይደርሳል?»

ይደርሳል አልኳቸው። ከዚያም እሳቸውን ያመጣሁበትን ነገር ነገርኳቸው። «የፊተኛው ማር ስላጣ አልሞተም፣ እማማ። በዝቶበት ነው የሞተው። እርስዎ ያን ቀን ባይከለክሉኝ ኖሮ የባሰ ነበር እንጂ የተሻለ አልነበረም።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «እንዲህ ከሆነ ቤቱን ለኔ ተይው» አሉ።

ከዚያች ቀን በኋላ የታመምኩት እኔ፣ አስታማሚዋም አዛዧም እሳቸው ሆኑ። ርእሰ መምህሩ አንድ ጠርሙስ ፈሳሽና ሦስት ቱቦ በፊርማ አዋሰኝ። እማማ ጫልቱ በላምባ ምድጃ ላይ በወተት ጣሳ ውኃ አፍልተው ጠዋትና ማታ ራሳቸው ይፈትሻሉ። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ አይሉም፤ የራሳቸው ስም አላቸው። ሰማይ፣ ጎመን፣ እርድ፣ ሸክላ። ታደሰ ለሥራ ሲወጣ ከበሩ «ዛሬ ጎመን ናት» ብለው ያሰሙታል። ጎረቤቱን በየቤቱ ዞረው አስጠነቀቁ። ልማዱን አልሻሩትም፤ አቅጣጫውን ነው የቀየሩት። ሽታ የደረሰባት እንደሆነ የጎመን፣ የሽሮ፣ የአይብ ላኩላት፤ ዳቦ የላከ ግን ከኔ ጋር ነው አሉ። የሁዳዴ ጾም ሲገባም ራሳቸው የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄደው ስለ ዕንቁላሉ ጠየቁልኝ። «ሕፃን አይጾምም፤ ሕፃን ያለባትም እንዲሁ» ብለው ፈቀዱ። እማማ ጫልቱ ራሳቸው ግን አንዲት ቀን አልገደፉም።

እራት በጊዜ በልተን ወደ ብስራተ ገብርኤል አቅጣጫ አብረውኝ ይሄዳሉ። ሐኪሟ ግማሽ ሰዓት ብላኛለች፤ ከእማማ ጫልቱ ጋር ግን በየአጥሩ ሰላምታ ስላለ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መንገድ ላይ የሚያውቁን ሴቶች «ዛሬስ?» ይሉናል። «ሰማይ» ይላሉ እሳቸው አገጫቸውን ከፍ አድርገው። እትዬ በላይነሽ አንድ ቀን፣ «እናንተ ሰዎች የአየር ትንበያ ሆናችሁ ቀራችሁ» አሉ።

ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ የደሜ ስኳር ቀነሰ። ሐኪሟ መርፌውን አቆየችው፤ በየሁለት ሳምንቱ እየሄድኩ እስከ መጨረሻው ሳያስፈልገኝ ቀረ። ይህን ስል መርፌ ያስፈለጋት እህት አጥፍታ ነው ማለቴ አይደለም። የአንዳንዷ ሠራተኛ እጁ ጠብቆ ይታሰራል፤ እሱን የሚፈታው ኢንሱሊን ነው፤ እሱም የልጇ ሕይወት ነው።

ሐኪሟ ቀኑ እስኪደርስ አልጠበቀችም። ሁለት ሳምንት ሲቀረው አስተኝታ ምጡን በመድኃኒት አስጀመረችው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። አለቀሰች። የመጀመሪያው አላለቀሰም ነበር፤ ስለዚህ ያን ድምፅ እንዴት እንደሰማሁት መጻፍ አልችልም።

ከውጭ የሆነውን የነገረኝ ታደሰ ነው። ነርሷ በሩን ስትከፍት እናቱ ወንድ ነው ሴት ብለው አልጠየቁም። «ትልቅ ነው?» አሉ።

«አይ እማማ፣ መካከለኛ ናት። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ» አለቻቸው ነርሷ፣ እያጽናናች።

እማማ ጫልቱ በረጅሙ እልል አሉ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች ለመካከለኛ ልጅ እልል የሚባልበት አገር የት ነው ብለው ሳይገረሙ አልቀሩም።

ልጅቷ እንደተወለደች ከተረከዟ ደም ወስደው ስኳሯን ለኩት። ማሕፀን ውስጥ ብዙ ስኳር የለመደ ልጅ ሲወለድ በድንገት ሊያንሰው ስለሚችል ነው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ወዲያው ጡት አስያዙኝ፤ ከሰዓት በኋላ ደግመው ሲለኩ ተስተካክሎ ነበር።

ከወለድኩ በስድስተኛው ሳምንት ደሜ እንደገና ታየ፤ ስኳሩ ሄዷል። ሐኪሟ ግን እንግዳው በሩን አውቆታል አለችኝ፤ በሚቀጥለው እርግዝና ሊመለስ፣ ወይም ሳላረግዝም በሌላ ዕድሜ ሊመጣ ስለሚችል በየዓመቱ መመርመር አለብኝ። እመረመራለሁም። የምትጠማ፣ ሽንት የሚያመላልሳት፣ ትልቅ ልጅ ወልዳ የምታውቅ ወይም ከቤተሰቧ ስኳር ያለበት እርጉዝ ግን እንደኔ ጉንዳን እስኪነግራት አትጠብቅ። ስኳሬን ለኩልኝ ትበል። ምንም ምልክት የሌላትም ብትጠይቅ አትጎዳም፤ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሳይናገር ነው የሚገባው።

ልጃችን በሰማንያ ቀኗ መካኒሳ አቦ ክርስትና ተነሣች። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። እማማ ጫልቱ ከጓዳ አንድ የማር ገንቦ ይዘው ወጡ። አፉ በሰም እንደታሸገ ነው፤ ቤተ ሙከራ የሄድን ሳምንት ከቆረጡት ማር አንድ ጣት እንኳ አልተነካለትም። ሰሙን በቢላ አነሡት። የሻይ ማንኪያ ነክረው፣ በአመልካች ጣታቸው ከላይ ደልድለው ትርፉን መለሱት፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ እኔ ስሰፍር እንዳዩኝ።

ማንኪያውን ወደ አፌ አቀረቡት።

«ያኔ ነገ ብዬሽ ነበር፤ ይኸው» አሉኝ።